ቫቪሎቭ፦ ለዘር ኖሮ ለዘር የሞተው ሊቅ

በቤኒሻንጉልና በጋምቤላ ቆላዎች ባሚያ የዘራ ገበሬ ማሳው ውስጥ ገብቶ ተክሎቹን በጥሞና ቢመለከት፣ አንዱ ከሌላው እንደሚለይ ወዲያው ይገነዘባል። የአንዱ ፍሬ አጭርና ደንዳና ሲሆን የሌላው ረጅምና ቀጭን ነው። አንዱ ደማቅ አረንጓዴ፣ ሌላው ወደ ነጭ ያደላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቀላ ያለ ይሆናል። በፍሬው ቁመት ልክ የሚወርዱት ጠርዞች ባንዳንዱ አምስት፣ ባንዳንዱ ሰባት ወይም ስምንት ናቸው፤ ጠርዙ እምብዛም የማይለይ ክብ ፍሬም አለ። የፍሬው ፀጉር በአንዱ ለስላሳ ሲሆን በሌላው የለቃሚውን እጅ ይወጋል። አንዱ ፈጥኖ ያብባል፤ ሌላው ዘግይቶ ይጀምርና ለረጅም ጊዜ ሲያፈራ ይቆያል።

ይህን ልዩነት የሚያይ ሰው ከሁለት ፍርድ አንዱን ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው፣ ማሳው ዝብርቅርቅ ስለሆነ ለገበያ አይመችምና አሮጌው ዘር ተጥሎ አንድ ወጥ ዘር ይግባ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ልዩነቱ ራሱ ሀብት ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዝ የሚል ነው። ይህ ጉዳይ በአንድ ቀበሌ ሲነሳ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቁት የገበሬ ማኅበር መሪዎች ናቸው።

ሁለተኛውን ፍርድ በሳይንስ አስደግፎ ለዓለም ያስረዳው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ ሊቅ ነው። ቫቪሎቭ የኢትዮጵያን ደጋ በበቅሎ ተጉዞ ያየ፣ የገበሬዋንም ዘር ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀ ሰው በመሆኑ የሕይወቱ ታሪክ ከኢትዮጵያ እርሻ ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከነጋዴ ቤት ወደ እርሻ ትምህርት

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የከበረ ሰው ሲሆን፣ ልጁም የእሱን ፈለግ እንዲከተል ብሎ ንግድ ትምህርት ቤት አስገባው። ይሁን እንጂ ልጁ ሕፃን ሳለ፣ በ1891 እና በ1892፣ በሩሲያ በተለይም በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ታላቅ ረሃብ ደርሶ ብዙ ሕዝብ አልቆ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን ያደገው ወጣት ንግዱን ትቶ በሞስኮ የእርሻ ኢንስቲትዩት ገባ። የመመረቂያ ጥናቱንም ያደረገው ሰብል በሚያጠፉ ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣዎች ላይ ነበር።

በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው የዘር ውርስ ሊቅ ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። በዚያን ጊዜ ይመራመርበት የነበረው ጥያቄ ማንኛውም ገበሬ በማሳው የሚጠይቀው ነው። ይኸውም ዋግ ወይም ሌላ በሽታ ማሳ ሲመታ አንዱን ተክል ገድሎ አጠገቡ ያለውን ለምን ይተወዋል የሚል ነው። ቫቪሎቭ የደረሰበት መልስ፣ በሽታን የመቋቋም ኃይል ከእናት ተክል ወደ ልጅ ተክል በዘር የሚወረስ ባህርይ መሆኑንና ይህም ባህርይ በአንዱ ዝርያ ኖሮ በሌላው ሊታጣ እንደሚችል የሚያስረዳ ነው። ስለዚህ ብዙ ዓይነት ዝርያ የያዘ ሰው ብዙ ዓይነት መከላከያ ይዟል ማለት ነው።

የእንክርዳዱ ጉዳይ

በ1916፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በሚካሄድበት ጊዜ፣ በፋርስ የነበሩ የሩሲያ ወታደሮች ዳቦ እየበሉ እንደ ሰካራም ይንገዳገዱና ይታመሙ ጀመር። ቫቪሎቭም ምክንያቱን እንዲመረምር ተላከ። በየማሳው እየዞረ ባደረገው ምርመራ የአካባቢው ስንዴ እንክርዳድ በብዛት የተደባለቀበት መሆኑን አረጋገጠ። ለኢትዮጵያ ገበሬ እንክርዳድ እንደሚያሰክር የሚነግረው አያስፈልግም፤ ስንዴውን አበጥሮና ለቅሞ የሚያስፈጨውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቫቪሎቭ ሥራውን ፈጽሞ ወዲያው አልተመለሰም። ወደ ፓሚር ተራሮች ዘልቆ በየመንደሩ የሚዘሩትን እህሎች ሰበሰበ። እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የተከተለው የአሠራር ልማድ ያን ጊዜ ተመሠረተ። አንድ አገር ሲገባ ገበያ ይወጣል፤ እህል ተራውን ይዞራል፤ አውድማና ጎተራ ያያል፤ ገበሬውን ስለ ዘሩ ስምና ጠባይ ይጠይቃል፤ ከየዓይነቱም ጭብጥ ጭብጥ ወስዶ ከየት እንደተገኘ ይጽፍበታል። ብዙ ቋንቋዎች ያውቅ ስለነበር በየሄደበት ከሰው ጋር መግባባት አልቸገረውም። በቀን ከአራትና ከአምስት ሰዓት በላይ አይተኛም ነበር ይባልለታል።

የዘመዳም ተክሎች ሕግ

ቫቪሎቭ በ1917 በሳራቶቭ ከተማ የእርሻ መምህር ሆነ። በ1920 በዚያው ከተማ በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ላይ ስሙን ያስጠራውን ትምህርት አቀረበ። ትምህርቱ ባጭሩ ሲገለጽ፣ ዘመዳም የሆኑ ተክሎች የሚለዋወጡት በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚል ነው። ስንዴ ጺም ያለውና ጺም የሌለው፣ ነጭና ቀይ ፍሬ ያለው ዓይነት ካለው፣ የስንዴ ዘመድ በሆነው በአጃም ተመሳሳይ ልዩነት ሊገኝ ይገባል። ካልታየም ገና አልተፈለገም ማለት ነው።

ነገሩ ባሚያ ለሚዘራ ሰው ግልጽ ነው። ባሚያ፣ ጥጥና ከርከዴ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። አበባቸውን ብቻ ያየ ሰው ዝምድናቸውን ይረዳል። ባሚያ አረንጓዴና ቀይ ዓይነት አለው፤ ጥጥም ከርከዴም እንደዚሁ አላቸው። ከአንዱ የተገኘው ጠባይ በሌላው ውስጥ ምን መፈለግ እንደሚገባ ይጠቁማል። በዚህ ትምህርት መሠረት በማሳ ውስጥ የሚታየው ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ ዝብርቅ ሳይሆን ሥርዓት ያለው፣ ሊቆጠርና ሊመዘገብ የሚችል ሀብት ሆነ።

ጥቂት ቆይቶ ቫቪሎቭ በፔትሮግራድ፣ በኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ፣ የተግባራዊ ዕፅዋት ምርምር መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። ወቅቱ በ1921 እና በ1922 የቮልጋ አካባቢ እንደገና በረሃብ የተመታበት ነበር። በ1921 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ዘር አሰባሰበ። በ1924 ደግሞ አፍጋኒስታንን አካለለ። በ1926 የሰብሎች መገኛ ማዕከሎች ስለሚላቸው ቦታዎች ጥናቱን አወጣ። ሐሳቡም አንድ ሰብል ከሁሉ ይበልጥ የሚለያይበት አካባቢ የሰው ልጅ መጀመሪያ ያለመደበት ስፍራ ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። ከማዕከሎቹም አንዱ ኢትዮጵያ ሆነች።

በበቅሎ ከአዲስ አበባ እስከ አስመራ

ይህን ሐሳብ በዓይኑ ለማረጋገጥ የሜዲትራኒያንን አገሮች ዞሮ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በባቡር ድሬዳዋ ደርሶ ሐረርን ጎበኘ፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አመራ። በ1927 መጀመሪያ ከራስ ተፈሪ መኮንን የጉዞ ፈቃድ አግኝቶ በቅሎና ጭነት አሰናድቶ ወደ ሰሜን ተነሳ። ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎንደርና በአክሱም አልፎ፣ ያኔ በኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው በኤርትራ በኩል አስመራ ደረሰ።

በመንገዱ ላይ ያየው ነገር ከጠበቀው በላይ ሆነበት። በአንድ ማሳ ውስጥ ብዙ ዓይነት ስንዴ ተደባልቆ በቅሏል። ገበሬው ጥቁር ስንዴ የሚለው፣ ፍሬው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ዓይነት ነበር። በሰሜን ኢትዮጵያም ጺም የሌለው የማካሮኒ ስንዴ ዓይነት አገኘ፤ የዘመዳም ተክሎች ሕግ እንዲህ ያለው ስንዴ ሊኖር እንደሚገባ ያመለክት ነበር። ጤፍና ኑግ፣ ገብስና ባቄላ፣ ጎመንዘርና ፌጦ በየማሳውና በየጓሮው አየ። የተሰበሰበውም ዘር ወደ ሌኒንግራድ ተላከ። በ1931 ስለ ኢትዮጵያ ስንዴዎች ብቻ የሚናገር ጥናት አሳተመ።

የቫቪሎቭ ጉዞ በደጋው በኩል ስለነበር ባሚያ በብዛት የሚዘራባቸውን የምዕራብ ቆላዎች አላካተተም። ሆኖም የኢትዮጵያ ማዕከል ሰብሎች ብሎ በዘረዘራቸው ውስጥ ባሚያን አስገብቷል። ከእሱ በኋላ የተነሱ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ አንድ አልሆኑም። የባሚያ መነሻ ህንድ ነው የሚሉ አሉ፤ ምዕራብ አፍሪካ ነው የሚሉም አሉ። ስንዴን በሚመለከትም የዱር ስንዴ የሚገኘው በመካከለኛው ምሥራቅ እንጂ በኢትዮጵያ ስላልሆነ፣ ሰብል በብዛት የሚለያይበት ቦታ ሁሉ የሰብሉ መነሻ ነው ለማለት እንደማይቻል ታውቋል።

ይህ እርማት ግን የኢትዮጵያን ገበሬ ድርሻ ከፍ ያደርገዋል እንጂ ዝቅ አያደርገውም። ዘሩ ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ ይህን ያህል ከተለያየ፣ ልዩነቱ የተገኘው ከደጋ እስከ ቆላ ባለው የአየርና የአፈር ጠባይና በየዓመቱ ዘር መርጦ በሚያስቀረው ገበሬ እጅ ነው። ባሚያውም እንደዚሁ ነው። ለጋው ፍሬ ለወጥ የሚፈልገው ሰው አንዱን ዓይነት ይመርጣል፤ ከትፎና አድርቆ ለበጋ ዱቄቱን የሚያስቀምጠው ሌላውን ይመርጣል። ከፍሬው የሚወጣው ልጋግ መብዛቱና ማነሱ፣ ፍሬው ቶሎ ቃጫ መሆኑና አለመሆኑ፣ ለድርቅ ያለው ጽናት ሁሉ በምርጫው ውስጥ ይገባል። በተለይ ሴቶች በጓሮና በማጀት ዘሩን ከዓመት ዓመት ያሻገሩ ባለሙያዎች ናቸው።

ችኮላና እስራት

ቫቪሎቭ ከ1929 እስከ 1935 የሶቪየት ኅብረት የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ነበር። ምሥራቅ እስያን፣ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካን እየዞረ ስብስቡን አሰፋ። በ1940 በሌኒንግራድ ኢንስቲትዩት የተከማቸው የዘር ናሙና 250,000 ያህል ደርሶ ነበር። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ይህን የሚያህል የዘር ክምችት አልነበረም።

ነገር ግን በዚሁ ጊዜ ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ ሰው ተነሳ። የሶቪየት መንግሥት የእርሻ ምርት ባስቸኳይ እንዲያድግ ይፈልግ ነበር። ቫቪሎቭና ባልደረቦቹ አንድ አዲስ ዝርያ አዳቅሎ፣ ፈትሾና አባዝቶ ለገበሬ ለማድረስ አሥር ዓመት ያህል እንደሚያስፈልግ ያስረዱ ነበር። ሊሴንኮ ግን ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ አደርሳለሁ እያለ ቃል ይገባ ነበር። የዘር ውርስ ሳይንስንም ሐሰት ነው ብሎ አወገዘ። ስታሊን የደገፈው ፈጣን ተስፋ የሰጠውን ሰው ነበር። በ1938 ሊሴንኮ የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ።

ቫቪሎቭ ሐሳቡን አልለወጠም። በነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር በመሰብሰብ ላይ ሳለ የመንግሥት ጸጥታ ሠራተኞች መጥተው ወሰዱት። ባልደረቦቹ በኋላ ቦርሳውን ሲከፍቱ በዚያው ዕለት ከተራራ አካባቢ የለቀመውን ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት አገኙበት። በሐምሌ 1941 በሐሰት ክስ የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ በ1942 ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። ይሁን እንጂ በምግብ እጦት ክፉኛ ተዳክሞ ስለነበር በጥር 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። ያ ከተማ ከ23 ዓመት በፊት ስሙን ያስጠራውን ትምህርት ያቀረበበት ነበር። ሕዝብ ከረሃብ የሚድንበትን መንገድ ሲፈልግ የኖረው ሰው በ55 ዓመቱ በረሃብ አለቀ።

ዘሩን ያልበሉ ጠባቂዎች

ቫቪሎቭ በእስር ላይ ሳለ ያከማቸው ዘር ሌላ አደጋ ገጠመው። ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከቦ ያዘ። በከበባው የመጀመሪያ ክረምት ለብዙው ነዋሪ የሚታደለው ዳቦ በቀን 125 ግራም ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር። በከተማው በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በረሃብ አለቀ።

የኢንስቲትዩቱ ሠራተኞች በስንዴ፣ በሩዝ፣ በባቄላና በለውዝ በተሞሉ ክፍሎች ውስጥ ሆነው ተራቡ። ዘሩን ከአይጥ፣ ከብርድና ከቦምብ ጠበቁት እንጂ አልበሉትም። ድንቹ በብርድ እንዳይበላሽ ያገኙትን እንጨት እያነደዱ አሞቁት። የሩዝ ዘር ኃላፊ የነበረው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በረሃብ ሲሞት በሺህ የሚቆጠር የሩዝ ናሙና እንደታሸገ በእጁ ሥር ነበር። የለውዝ ባለሙያው አሌክሳንደር ሽቹኪንም በሥራ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አረፈ። ሌሎች ባልደረቦቻቸውም እንዲሁ አለቁ። ለዘር ያስቀመጠውን እህል በክፉ ቀን ከልጆቹ አፍ የከለከለ ገበሬ የእነዚህን ሰዎች ፈተና ለመረዳት አይቸግረውም።

በ1955 የሶቪየት ፍርድ ቤት ቫቪሎቭ ንጹሕ እንደነበር አረጋገጠ። ሊሴንኮ ከ1964 በኋላ ሥልጣኑን አጣ። ኢንስቲትዩቱም በቫቪሎቭ ስም ተጠራ።

ከስብስቡ የተገኘው ጥቅም

የቫቪሎቭ ትምህርት እውነት መሆኑ በተግባር ታይቷል። ተክሉን እያቀጨጨ ቅጠሉን ቢጫ የሚያደርግ የቫይረስ በሽታ በአሜሪካ የገብስ እርሻን ሲጎዳ፣ በሽታውን የሚቋቋም ባህርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ባህርዩንም በማዳቀል ወደ ራሳቸው ዝርያዎች አስገቡት።

የባሚያም ታሪክ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በህንድ አገር የቅጠል ሥር አቢጫ የሚባለው፣ በነጭ ዝንብ የሚተላለፈው የቫይረስ በሽታ ባሚያን ያጠፋ ነበር። በ1960 አካባቢ ፑሳ ሳዋኒ የተባለ በሽታውን የሚቋቋም ምርጥ ዘር ተሠራጨና በሰፊው ተዘራ። ከዓመታት በኋላ ግን ያ ጽናት ጠፋ፤ በሽታው ተመልሶ መጣ። አዳቃዮቹ አዲስ መከላከያ የፈለጉት ከባሚያ የቅርብ ዘመዶች ውስጥ ነበር፤ በ1980ዎቹም በዚህ መንገድ ሌላ ዝርያ ወጣ። ዘመዶቹ ባይኖሩና በየቦታው የተቀመጠ ዘር ባይገኝ ኖሮ መመለሻ አይኖርም ነበር። ምርጥ ዘር ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ከአሮጌው ዘር ነው፤ ሲደክምም የሚታደሰው ከዚያው ነው።

በኢትዮጵያ የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል በ1976 በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ስሙ በየጊዜው ተለውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ሆኖም በማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ዘር ከአየሩ፣ ከተባዩና ከበሽታው ጋር እየታገለ አይለወጥም። ስለዚህ በገበሬው ማሳ ውስጥ የሚኖረው ዘር ምትክ የለውም።

ማኅበራት ሊያደርጉት የሚችሉት

አዲስ የባሚያ ዘር ወደ አንድ ቀበሌ ሲገባ የገበሬ ማኅበሩ አመራር ከሁሉ አስቀድሞ አሮጌው ዘር ከየቤቱ እንዳይጠፋ ማድረግ ይገባዋል። ለዚህ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ሽማግሌዎችና እናቶች በሚያውቁት ስም የየዓይነቱን ዘር መዝግቦ መያዝ ይቻላል፤ የፍሬው ቀለም፣ ርዝመት፣ የጠርዙ ብዛት፣ ፀጉሩ፣ የሚደርስበት ጊዜና የሚውልበት ምግብ ቢጻፍ መዝገቡ የተሟላ ይሆናል።

ባሚያ በአብዛኛው በራሱ አበባ የሚዳቀል ቢሆንም ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ብናኝ ያሻግራሉ። በመሆኑም የአንዱ ዓይነት ጠባይ ሳይቀየጥ እንዲቆይ ከተፈለገ ለዘር የሚሆነውን መደብ ከሌላው አርቆ መዝራት ያስፈልጋል። ለዘር የሚመረጡት ጤነኛ ተክሎች አስቀድመው ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ፍሬያቸውም ለወጥ ሳይለቀም ከግንዱ ላይ እስኪደርቅ ይተዋል። ዘር ከአንድ ተክል ብቻ ሳይሆን ከብዙ ተክሎች መወሰድ አለበት፤ አለበለዚያ የልዩነቱ ከፊል በዚያው ይቀራል። ከተፈለፈለ በኋላ በጥላ ሥር በሚገባ ደርቆ፣ እርጥበትና ነቀዝ በማይገባበት ዕቃ ውስጥ በየዓይነቱ ይቀመጣል። ከእያንዳንዱም ዓይነት ጥቂቱ በወረዳው የግብርና ባለሙያ በኩል ለዘር ባንክ ቢላክ፣ ድርቅ ወይም ጎርፍ ማሳውን ቢያጠፋው እንኳ መመለሻ ይኖራል።

ቫቪሎቭ በየገበያው ከገበሬ እጅ የተቀበለው ጭብጥ ዘር ያን ቀን ዋጋው ጥቂት ሳንቲም ነበር። እሱ ከሞተም በኋላ ያ ዘር በየዓመቱ እየተዘራ፣ እየታደሰና እየተጠና ቆይቷል። በአንድ ቀበሌ ጓሮ ውስጥ የቀረ ጥቂት የባሚያ ዘርም የሚቆየው አንድ ሰው በየዓመቱ መርጦ ሲያስቀረውና ሲዘራው ነው።